«ንጹሕ» የተባለችው ለጋሽ

ሀዋሳ ላይ ለታላቅ ወንድሜ የመቅኔ ለጋሽ ስንፈልግ ጊዜ የበላን የለጋሽና የታማሚ ሕብረ ሕዋስ መግጠሙን የሚያየው የኤችኤልኤ ምርመራ አይደለም። እሱ ቀላል ነው፤ ከእያንዳንዱ ትንሽ ደም በሐምራዊ ክዳን ቱቦ ይቀዳና ይላካል። ከአንድ እናትና አባት የተወለደ እያንዳንዱ ልጅ ሙሉ በሙሉ የመግጠም ዕድሉ 25 በመቶ ነው። ከእኛ ሁለት ገጠሙ፦ የ34 ዓመቱ ወንድማችንና የ12 ዓመቷ የመጨረሻ እህታችን። ሪፈሩም፣ ፓስፖርቱም፣ የህንድ ቪዛውም እንደምንም አለቀ።

የተበላሸው ከሁለቱ አንዱን ስንመርጥ ነው።

ሲኤምቪ አብዛኛውን ሰው በልጅነቱ ይዞ ዕድሜ ልኩን ሰውነቱ ውስጥ የሚደበቅ ቫይረስ ነው። ጤነኛን ሰው ብዙም አያስቸግርም። ከንቅለ ተከላ በኋላ ግን ይነቃና ሳንባና አንጀት ያጠቃል። ስለዚህ ለጋሹንም ታማሚውንም ከዚህ በፊት ይዟቸው እንደሆነ መታወቅ አለበት፤ ይህን የሚናገረው አይጂጂ የተባለው የፀረ እንግዳ አካል (ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚሠራው ፕሮቲን) ምርመራ ነው። የእኛ መጠየቂያ ወረቀት ላይ ግን «ሲኤምቪ» ብቻ ተጽፎ ነበር፤ ላብራቶሪው አይጂኤም የተባለውን ሌላ ዓይነት ፀረ እንግዳ አካል መረመረ። አይጂኤም የሰሞኑን እንጂ የቆየውን አይነግርም። ወንድማችንም ትንሿም ኔጌቲቭ ወጡ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ «ሁለቱም ንጹሕ ናቸው» ብላ ወረቀቱን ዘረጋችልን፤ ደስ ብሎን ወጣን። ስህተቱን የነገረን ውጤቱን በቴሌግራም የላክንለት የህንዱ ሐኪም ነው። አይጂጂ ሲሠራ ወንድማችን ፖዘቲቭ፣ ትንሿ ኔጌቲቭ ሆኑ። ቤተሰቡ በአንድ ድምፅ «እንግዲያው እሷ» አለ። እኔም ጭምር፤ አሁንም ያናድደኛል።

ታማሚው ፖዘቲቭ ከሆነ የሚሻለው ፖዘቲቭ ለጋሽ ነው። ከንቅለ ተከላው በፊት የሚሰጠው ኬሞ የታማሚውን የበሽታ መከላከያ ይጠርጋል፣ የተደበቀውን ቫይረስ ግን አይጠርግም። ፖዘቲቭ ለጋሽ ቫይረሱን የሚያውቁ ቲ ሴሎች (የበሽታ መከላከያ ነጭ የደም ሴሎች) አብሮ ይሰጣል፤ የኔጌቲቭ ለጋሽ ሴሎች ከዜሮ ነው የሚማሩት። ታማሚው ኔጌቲቭ ከሆነ ደግሞ ኔጌቲቭ ለጋሽ ይመረጣል። በኩላሊት ንቅለ ተከላ በጣም የሚያስፈራው ፖዘቲቭ ለጋሽ ለኔጌቲቭ ታማሚ ሲሰጥ ስለሆነ፣ ኩላሊት ያስቀየረ ዘመድ የሚሰጣችሁን ምክር እዚህ አታምጡት።

እንግዲህ ሁሉም ነገር የታማሚው ውጤት ላይ ተንጠለጠለ። የእኛው ታማሚ ደግሞ ሳይመረመር አራት ከረጢት ደም ወስዷል። የሰው አይጂጂ ከደሙ ጋር ስለሚገባ፣ ኔጌቲቭ የነበረ ሰው ለሳምንታት ፖዘቲቭ ሊመስል ይችላል። ደም ከመውሰዱ በፊት የተቀዳ ሴረም (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ተርፎ እንደሆነ ጠየቅን። ተጥሏል። ደም ሳይጨመርለት ስድስት ሳምንት እየጠበቅን መጠኑን አስለካን፦ ከውጭ የገባ አይጂጂ በሦስት ሳምንት ገደማ በግማሽ ይወርዳል፣ የራስ የሆነው ባለበት ይቆያል። አልወረደም። የ34 ዓመቱ ወንድማችን ለገሰ።

«መጀመሪያ ኤችኤልኤ፣ ሌላው የገጠመው ሲታወቅ» ይላሉ። እኔ አልስማማም። ሲኤምቪ አይጂጂ በመጀመሪያው ቀን፣ የታማሚው ደግሞ ከማንኛውም ደም በፊት ይሠራ። «አይጂጂ» የሚለው ቃል ወረቀቱ ላይ መኖሩን ራሳችሁ አይታችሁ ከክፍሉ ውጡ።

የተወሰኑ የመከላከያ ሴሎችን ሥራ ስለሚቆጣጠሩት ኬአይአር ጂኖችም ትሰሙ ይሆናል። ኤችኤልኤ ክሮሞሶም 6 ላይ፣ ኬአይአር 19 ላይ ስለሆነ፣ በኤችኤልኤ አንድ ዓይነት የሆኑ ወንድማማቾች በዚህ ሊለያዩ ይችላሉ። ከእነዚህ ውስጥ መከላከያ ሴሎቹን ለሥራ የሚያነሣሱት ጂኖች የበዙለት ለጋሽ ሲኤምቪ እንዳይነቃ ያግዛል ያሉ ጥናቶች አሉ። ገንዘብ ካጠረ ግን ይቅር፤ በደም ውስጥ ያለውን ቫይረስ ለሚለካው ፒሲአር ይሁን።

ፒሲአሩ ከንቅለ ተከላው በኋላ ቢያንስ እስከ 100ኛው ቀን በየሳምንቱ ነው። እኛ ቀኑ ሳይሞላ ስለተመለስን ናሙናው ከሀዋሳ አዲስ አበባ ይሄድ ነበር። ፕላዝማው በ24 ሰዓት ውስጥ መለየት አለበት፤ ስለዚህ ዓርብ ከሰዓት አትላኩ። ላብራቶሪም አትቀያይሩ፤ የሙሉ ደምና የፕላዝማ ቁጥር አይወዳደርም።

የሲኤምቪ መከላከያ መድኃኒቱ ሌተርሞቪር በቀን 480 ሚሊግራም ነው፤ ሳይክሎስፖሪን የተባለውን የመከላከያ አቅም ማዳከሚያ ለሚወስድ 240። አንድ ፋርማሲ «ይህን ከጀመረ አሲክሎቪሩ ለምን?» ብሎ ሊያስቆመን ነበር። ሌተርሞቪር ሲኤምቪን እንጂ ኸርፒስንና አልማዝ ባለጭራን አይነካም፤ አሲክሎቪሩ ሐኪሙ ራሱ እስኪያቆመው ይቀጥላል።