ለአያ አንበሶ ራስ የሚሆን

የሳሎኔ አንዱ ጥግ ከተያዘ ሦስት ሳምንት ሆነው። ካርቶን አለ፣ በማዳበሪያ የተጠቀጠቀ የስፖንጅ ቁርጥራጭ አለ፣ የእንቁላል መያዣ፣ የእናቴ አሮጌ ወንፊት፣ አንድ ጥቅል ቃጫ፣ ጥቁር የሹሩባ ፀጉር። እንግዳ ሲመጣ «ቤት ልትቀይሪ ነው እንዴ?» ይለኛል። አይደለም። የአንበሳ ራስ ልሰራ ነው።

የእህቴ ልጅ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሰኔ ላይ በትምህርት ቤቷ የመዝጊያ በዓል ክፍሏ አንድ ተረት በቴአትር ያቀርባል። ሁላችንም ልጅ ሆነን የሰማነው ነው። አውሬዎቹ ተሰብስበው ኃጢአታቸውን ይናዘዛሉ፣ ከብት የበላውም ሰው የበላውም ምሕረት ያገኛል፣ በመጨረሻ ሳር የጋጠችው አህያ ትበላለች። የእህቴ ልጅ አያ አንበሶ ናት። ብዙ የምትናገረው አላት።

አምና ጅብ ነበረች። ያደረገችው የጅብ ራስ የተከራየ ነበር፣ ለትልቅ ሰው የተሰራ፣ ከባድ፣ ሲያደርጉት ትከሻ ላይ የሚቀመጥ። ተጫውታ ስትጨርስ ከመድረኩ ልትወርድ እግሯን አነሳች፣ ደረጃው አልታያትም። ሦስት ደረጃ ብቻ ነበር። አገጯ ተሰፋ። እሱስ ድኗል፣ አሁን ጠባሳው እንኳ በደንብ ካላዩት አይታይም። እኔን እስከ ዛሬ የሚያመኝ ማታ ቤት ገብታ ያለችኝ ነው። «ደረጃው የት ነው ብዬ ጠርቻችሁ ነበር እኮ፣ አልሰማችሁኝም።» ፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። እውነቷን ነው፣ አልሰማኋትም። ሰው ሁሉ ያጨበጭብ ነበር።

ዘንድሮ አንበሳ እንደሆነች ስትነግረኝ ደስ ብሏት ነበር፣ ከዚያ ዝም አለች፣ ከዚያ ደግሞ «አክስቴ፣ አንቺ ትሰሪልኛለሽ? የሚታይበት አድርገሽ» አለችኝ። እሺ አልኳት። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ሰርቼ አላውቅም። ልብስ እሰፋለሁ፣ መጋረጃ እሰፋለሁ፣ በቃ።

መጀመሪያ የአምናውን ራስ ከፎቶ ላይ ደጋግሜ አየሁት። አይኖቹ ትክክል ቦታቸው ላይ ናቸው፣ ያምራሉም። ግን በዚያ በኩል የሚያይ ልጅ የሚታየው ፊት ለፊቱ ነው፣ እግሩ ስር ያለው መሬት የለም። አፉ ደግሞ ድፍን ነው። ድምጿ እዚያው ውስጥ የቀረው ለዚህ ነው። ስለዚህ የኔ አንበሳ አፉን የከፈተ ይሆናል፣ ያገሳል። የሷ ፊት የሚውለው በአንበሳው አፍ ትይዩ ነው። መሬቱን በዚያ ታያለች፣ በዚያ ትተነፍሳለች፣ ድምጿም በዚያው ይወጣል። የአንበሳው አይኖች ከግንባሯ በላይ ይሆናሉ፣ ለተመልካች ብቻ። ይሄ ከተወሰነ በኋላ የሚቀረው ዕቃ መፈለግ ነበር። የጭንቅላቷን ዙሪያ በሜትር ለካሁ፣ 53 ሳንቲሜትር፣ ቁጥሩን መዳፌ ላይ ጽፌ ቅዳሜ ጠዋት መርካቶ ሄድኩ።

ምናለሽ ተራን የማያውቅ ሰው ካለ አንድ ቀን ሄዶ ይየው። ሌላው ሰው የጣለው ሁሉ እዚያ እንደገና ዕቃ ይሆናል። ጣሳው፣ ጀሪካኑ፣ ብረቱ፣ ሽቦው። በየሰፈራችን «ቁራሌው!» እያሉ ከሚዞሩት ልጆች የሸጥነው ነገር መድረሻው አንዱ ይሄ ነው። ከየአቅጣጫው መዶሻ ይጮሃል። እኔ የምፈልገው የራሱን አጽም የሚሆን፣ ጠንካራ ግን ቀላል ነገር ነው። ምን ብዬ እንደምጠራው አላውቅም። አንድ ወጣት «ምን ጠፋብሽ የኔ እናት?» አለኝ። ለልጅ የአንበሳ ራስ ልሰራ ነው አልኩት።

«አንበሳ?»

«አዎ፣ ለቴአትር።»

ጓደኛውን ጠራ። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ስራቸውን ትተው ለኔ መፈለግ ጀመሩ። የሞተር ሳይክል ሄልሜት አመጡ፣ ከባድ ነው አልኳቸው። ከተበላሸ ቬንትሌተር የወጣ ክብ ፍርግርግ አመጡ፣ አንደኛው ጭንቅላቱ ዙሪያ አድርጎ እያሳየኝ «ይሄ ጎፈሩን ይይዝልሻል» አለ። እውነትም ቁጭ የአንበሳ ጎፈር። ልቤ ሄዶ ነበር። ግን ሽቦ ነው። ከወደቀች ፊቷ ላይ ነው የሚታጠፈው። ይህን ስነግረው ወዲያው ገባው፣ «ልክ ነሽ፣ ለልጅ ብረት አይሆንም» ብሎ መለሰው። በመጨረሻ ከአንድ ክምር ስር ትልልቅ ካርቶን የሚታሰርበትን ያንን ጠፍጣፋ የፕላስቲክ ጥብጣብ ጎትቶ አወጣ። ዘንቢል ሲሰራበት አይቻለሁ፣ ለራስ ይሆናል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር። ሲያጥፉት ይመለሳል፣ አይሰበርም፣ ክብደት የለውም። በኪሎ መዝኖ ሸጠልኝ። ማታ ቤት ገብቼ አንዱን በግንባሯ ልክ አዞርኩት፣ ሁለቱን በአናት ላይ አሳልፌ አቋረጥኳቸው፣ ከፊት ለአፉ ሰፊ ቀለበት አወጣሁለት። ባዶ ዘንቢል ይመስል ነበር። ግን ቆመ።

ስፖንጁን ያገኘሁት ከቤቴ ብዙም ሳልርቅ ነው። እኛ ሰፈር ሶፋ የሚያድሱ አንድ ሽማግሌ አሉ። «ጋሼ፣ ከሚጥሉት ስፖንጅ ትንሽ ይሰጡኛል?» አልኳቸው። «ለምንሽ ነው?» አሉ። ነገርኳቸው። ምንም ሳይሉ ተነስተው ማዳበሪያ ሙሉ ጠቅጥቀው ሰጡኝ፣ ገንዘብም አልተቀበሉኝም። አጣበቁንም አሳዩኝ። ማስቲሹን ሁለቱም ፊት ላይ ቀብተሽ ጠብቂ፣ ጣትሽን ስታስነኪው መያዝ ሲያቆም ያኔ አጋጥሚው፣ ከዚያ በኋላ አይላቀቅም አሉኝ። እሳቸው ሲያደርጉት አየሁ፣ እንዳሉትም ነው።

ማስቲሹን ግን አልገዛሁም። ሽታው ገና ቆርቆሮው ሲከፈት ራስ ይመታል። ይሄ ራስ ደግሞ አንዲት ልጅ አፍንጫዋን ከታ የምትተነፍስበት ነው። ሌላም ነገር አለ። ማስቲሽ ባየሁ ቁጥር በየመንገዱ ጥግ ጠርሙስ አፋቸው ላይ ደግነው የሚያድሩት ልጆች ይመጡብኛል፣ አንዳንዶቹ የሷ እኩያ ናቸው። ቤቴ ላስገባው አልፈለግኩም። ስፖንጁን በወስፌ እየበሳሁ በሲባጎ ሰፋሁት። ሁለት ማታ ፈጀብኝ፣ ጣቴም ቆስሏል። ግን ምንም አይሸትም።

የፊቱ ነገር ከሁሉም ያስቸገረኝ ነው። ካርቶኑን ክብ ላድርገው ስል ይጨማደዳል። ሦስት ጊዜ ቆርጬ ጣልኩ። አንድ ቀን ከስራ ስመለስ ታክሲው ብሔራዊ ቴአትር ጋ ቆመ፣ ያ ትልቁ የድንጋይ አንበሳ በመስኮቱ ፊት ለፊቴ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ባጠገቡ አልፌያለሁ፣ ያን ቀን ግን አየሁት። ክብ የሚባል ነገር የለውም ማለት ይቻላል። ጉንጩ ጠፍጣፋ ነው፣ ግንባሩ ጠፍጣፋ ነው፣ ጠፍጣፋዎቹ በሰላ ጠርዝ ይገናኛሉ፣ ደግሞ ከሩቅ አንበሳነቱን ማንም አይስተውም። ፈረንሳዊው ቀራጺ ሞሪስ ካልካ የሰራው ነው፣ የአጼ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ 25ኛ ዓመት ሲከበር በ1948 ዓ.ም. የቆመ። ወርጄ ዙሪያውን በስልኬ አነሳሁት። ቤት ስገባ ካርቶኑን ማጎበጥ ተውኩና ማጠፍ ጀመርኩ። ግንባር አንድ፣ ጉንጭ ሁለት፣ አፍንጫ በሦስት እጥፋት። በአንድ ማታ ፊት ወጣው። አፍንጫው ጫፍ ላይ ከእንቁላል መያዣው አንዷን ጎድጓዳ ቆርጬ ደፋሁበት።

ካርቶኑ እንዲጠነክር ላዩ ላይ በዱቄት ሙጫ ጋዜጣ ይለጠፋል። ዱቄቱ ቀላል ነው፣ ውሃ ውስጥ በትኖ እስኪወፍር ማማሰል ነው። ጋዜጣ ግን ከየት ይመጣል? ድሮ ሱቅ ስኳር የሚጠቀለልበት ነበር፣ በኋላ ሁሉ ነገር በፌስታል ሆነ። አንደኛ ፎቅ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ መምህር እንዳላቸው ሰማሁና ሄድኩ። አልጋቸው ስር በገመድ የታሰረ አዲስ ዘመን ነበር፣ እስር በእስር። «ልጄ፣ ሳላይ አልሰጥሽም» አሉ። ቁጭ አልን። መነጽራቸውን አደረጉና አንድ በአንድ እየገለጡ፣ አንዳንዱን ጮክ ብለው እያነበቡልኝ፣ የሚፈልጉትን ገጽ እያወጡ ወደ ጎን አስቀመጡ። ቡና ተፈላ። ሦስተኛው ተጠጥቶ ሲያበቃ ለኔ የተረፈኝ የጨረታና የክፍት የስራ ቦታ ማስታወቂያ ነው። በቂዬ ነበር። አሁን የአንበሳው ግራ ጉንጭ ላይ፣ ቀለም እስኪቀባ ድረስ፣ የአሮጌ መኪና ጨረታ ይነበባል። ቀለሙን ስቀባው ያችን ትንሽ ቦታ ከውስጥ በኩል እተውላቸዋለሁ ብዬ ነግሬያቸዋለሁ።

ጎፈሩን ሳስብ ትዝ የሚለኝ ሚያዝያ 27 ነው። ልጅ ሆኜ አባቴ አራት ኪሎ ይወስደኝ ነበር። አርበኞቹ ጎፈር አድርገው፣ ሜዳሊያቸውን ደርድረው ይሰለፋሉ፣ ነፋስ ሲመጣ ፀጉሩ ግንባራቸው ላይ ይርገበገባል። እውነተኛ የአንበሳ ፀጉር ነው ሲለኝ አባቴን እጁን አጥብቄ እይዘው ነበር። የኔ ጎፈር ማንም ሳይሞት እንዲሰራ ፈለግኩ። መጀመሪያ ቃጫ ገዛሁ። ቃጫው ነጣ ያለ ስለሆነ በቡና አተላ ቀቀልኩት፣ ደረቅ ሳር የመሰለ መልክ አመጣ። ቆንጆ ነው። ግን የአገራችን አንበሳ እንዲህ አይደለም። ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ከዓመታት በፊት ያነሳሁትን ፎቶ አወጣሁ። ጎፈሩ ፊቱ ዙሪያ ቀላ ያለ ነው፣ ወደ ደረቱ ሲወርድ ይጠቁራል፣ ሆዱ ስር ድረስ ይሄዳል። ተመራማሪዎች የዚያን ግቢ 15 አንበሶች ዘር መርምረው ከሌሎቹ የአፍሪካ አንበሶች የተለዩ መሆናቸውን በፈረንጆቹ 2012 አሳትመዋል። ልጅቷ ያንን ካልሆነች የትኛውን ልትሆን ነው?

ስለዚህ ጓደኛዬ ፀጉር ቤት ሄድኩ። የሹሩባ ፀጉር በቁጥር ነው የሚጠራው፣ ቁጥር 1 ድፍን ጥቁር ነው፣ 30 ቀላ ይላል፣ 27 ደግሞ የማር መልክ አለው። ፊቱ ዙሪያ ቃጫውን፣ ከዚያ 30ን፣ ከታች 1ን ላደርግ ወሰንኩ። ጓደኛዬ ሁለት እሽግ ሸጠችልኝ፣ ከዚያ መሳቢያዋን ከፍታ ከደንበኞች የተረፈውን ቁርጥራጭ ሁሉ ሰበሰበችልኝ። ጥብጣቡ ላይ እንዴት እንደሚቋጠርም አሳየችኝ፣ ክር እንደሚታሰር ሳይሆን እንደ ሹሩባ እየጎነጎኑ። አሁን ግማሹ ተሰርቷል።

የቀረው አፉ ላይ የሚወጠረው ነበር። ባዶ ከሆነ ፊቷ ይታያል። አጎበር ሞከርኩ፣ ረገበ። የእናቴ የዱቄት ወንፊት ትዝ አለኝ፣ ናይለን ነው፣ ጠርዙ ተገንጥሎ ኩሽና ተሰቅሎ የቀረ። «ውሰጂው፣ እኔ ሌላ አለኝ» አለችኝ። ነጭ ሆኖ ሳለ በሱ ውስጥ ሳይ ወንፊቱ ራሱ ነው የሚያበራብኝ፣ ከሱ ወዲያ ያለው ደብዛዛ። ጥቁር ቀለም በስሱ ቀባሁትና በመስኮቱ አየሁ። ወንፊቱ ጠፋ። ግቢው፣ የተሰጣው ልብስ፣ ኳስ የሚጫወቱት ልጆች፣ ሁሉም ጥርት ብለው ታዩ። ከውጭ ወደ ውስጥ ደግሞ ምንም አይታይም፣ ውስጡ ጨለማ ስለሆነ ብርሃኑ ውጭ ነው የሚቀረው። ለጢሙ ስንደዶ ከእናቴ ከመሶብ ስራዋ ተረፈ፣ እሱ አላስቸገረም።

ትናንት እሁድ እህቴ ልጅቷን ይዛ መጣች። ራሱ ገና አላለቀም፣ በአንድ ጎኑ ጎፈር የለውም፣ ጋዜጣው ይነበባል። ሱቅ ወስጄ በሚዛን አስመዝኜዋለሁ፣ 700 ግራም ነው። አደረግኩላት። ትንሽ ዝም ብላ ቆመች። ከዚያ በሩን ከፍታ ወጣች። የኛ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ነው። እህቴ ልትይዛት ተነሳች፣ ልጅቷ ከውስጥ «እማዬ ተይኝ» አለች፣ ሁላችንም ጥርት አድርገን ሰማን። አንድ እጇን ግድግዳው ላይ አድርጋ መውረድ ጀመረች። እየቆጠረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሦስተኛው ላይ ቆማ ወደ ታች አየች፣ እጇን ከግድግዳው አነሳች፣ ከዚያ አራት፣ አምስት፣ ስድስት።