16 ኮር ይዤ በማካፈል የተሸነፍኩበት ክረምት

ይህን የምጽፈው በ2008 ዓ.ም. ክረምት አንድ የሚያውቅ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ «መጀመሪያ ሚሞሪውን ቁጠር፤ ኮሮቹን ኋላ ትደርስባቸዋለህ» ቢለኝ ኖሮ ሁለት ወር ሙሉ በከንቱ ባልደከምኩ ነበር በሚል ቁጭት ነው። ብዙ ኮር (ለየብቻው ስሌት የሚሠራ የፕሮሰሰር ክፍል) ያላቸውና ጥቂት ኃይል የሚበሉ ፕሮሰሰሮች ለእኛ አገር ሥራ ይሆናሉ ወይ ለሚለኝ ሰው መልሴ «ይሆናሉ፤ ግን አንተ ላሰብከው ሥራ ላይሆኑ ይችላሉ» የሚል ነው።

ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ወደ ታች ሲወረድ፣ ጋሼ እያልኩ የምጠራቸው ሽማግሌ ፎቶ ቤት ነበራቸው። ከአባታቸው የወረሱት የጥቁርና ነጭ ኔጋቲቭ በብስኩት ቆርቆሮ ታጭቆ ከመደርደሪያው እስከ ጣሪያው ይደርስ ነበር። ሰዎች የወላጆቻቸውን የሠርግ ፎቶ ፍለጋ ይመጣሉ፤ እኛም ኔጋቲቩን ስካን አድርገን፣ እንደ አሸዋ የተበተነበትን ነቁጥ በፕሮግራም አጽድተን እናትማለን። ስካኑ ጥቂት ደቂቃ ሲፈጅ ማጽዳቱ በነበረን አሮጌ ላፕቶፕ ከዚያ እጅግ የበለጠ ጊዜ ይወስድ ነበር፤ መብራት ሲሄድ ደግሞ የላፕቶፑ ባትሪ ሩብ ሰዓት እንኳ አይቆይም። ስለዚህ መብራት እያለ ስካን እያደረግን፣ መብራት ሲጠፋ በትንሽ ባትሪ የሚያጸዳልን ርካሽ ቦርድ (በአንድ ሰሌዳ ላይ ያለቀ ትንሽ ኮምፒውተር) ብናገኝ ብዬ አሰብኩ።

የመረጥኩት ፓራሌላ የሚባለውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ ኪክስታርተር በተባለው የሕዝብ መዋጮ ማሰባሰቢያ ድረ ገጽ ላይ በ99 ዶላር ዋጋ የቀረበው ይህ ቦርድ ከባንክ ካርድ እምብዛም የማይበልጥ ሲሆን፣ ሊኑክስ የተባለውን ሲስተም የሚያስኬዱ ሁለት የአርም (በስልኮች ውስጥ የሚገኘው ዓይነት) ኮሮች፣ አንድ ጊጋባይት ሚሞሪ፣ እንዲሁም ኤፒፋኒ የተባለ 16 ኮር ያለው ሌላ ቺፕ አለበት። የኤፒፋኒ ኮሮች አራት በአራት ሆነው እንደ ዳማ ገበታ የተደረደሩ ናቸው፤ በ600 ሜጋኸርዝ ሲሠሩ እያንዳንዱ ኮር በአንድ ምት አንድ ማባዛትና አንድ መደመር አብሮ ስለሚሠራ፣ በወረቀት ላይ በሰከንድ 19.2 ቢሊዮን ስሌት ይደርሳል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ቺፑ ብቻውን ሁለት ዋት ባልሞላ ኃይል ነው። ቁጥሩ አሰከረኝ። ጋሼ ግን ኤፒፋኒ የጥምቀት በዓል ስም መሆኑን ስነግራቸው «ታዲያ ጠበሉ የት አለ?» ብለው ቀለዱብኝ።

ዕቃውን ማስገባቱ ሦስት ቀን በላ። በአንድ መሥሪያ ቤት መስኮት የነበረው ሠራተኛ ቦርዱን ከላስቲኩ አውጥቶ በሁለት ጣት አንጠልጥሎ «ይሄ ሬዲዮ ነው?» አለኝ። አይደለም ስለው አንቴና የሌለው መሆኑን ሌላ መሥሪያ ቤት በደብዳቤ እንዲያረጋግጥ ላከኝ፤ ያኛው መሥሪያ ቤት ደግሞ «ሬዲዮ ላልሆነ ነገር ሬዲዮ አይደለም የሚል ደብዳቤ አንጽፍም» አለኝ። በሦስተኛው ቀን ሌላ ሠራተኛ ተቀምጣ ነበርና የኮምፒውተር መለዋወጫ ብላ መዝግባ ለቀቀችው። ቀኑን መምረጥ እንጂ መከራከር እንደማያዋጣ ያን ጊዜ ተማርኩ።

ሲስተሙን ሜሞሪ ካርድ ላይ መጫን የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ማራገቢያ ግን አትርሱ፤ ቦርዱ ያለ ማራገቢያ ሥራ ሲበዛበት ከመጠን በላይ ይግላል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ያው ማራገቢያ ዝቅ ባለ አገር ከሚያነሣው ሙቀት ያነሰ ያነሣል። እኔ ምናለሽ ተራ ካገኘሁት አሮጌ ኮምፒውተር የተፈታ ማራገቢያ ገጠምኩ፤ ቆንጆ አልነበረም፣ ግን ሠራ።

አሁን ወደ ጉዱ ልግባ።

የማጽጃው ፕሮግራም ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ የፎቶ ነጥብ (ፒክስል) ራሱን ጨምሮ በዙሪያው ያሉትን 25 ነጥቦች ያያል፤ በብርሃን የሚቀራረቡትን ከፍ ያለ ክብደት፣ የሚራራቁትን ዝቅ ያለ ክብደት ሰጥቶ ይደምራል፤ በመጨረሻም ድምሩን በክብደቶቹ ድምር ያካፍላል። አንዱ ነጥብ የሌላውን ውጤት ስለማይጠብቅ ለ16 ኮር የተፈጠረ ሥራ ይመስላል። እኔም ፎቶውን ከቺፑ ውጭ ባለው የጋራ ሚሞሪ አስቀምጬ፣ ለ16ቱም እኩል አከፋፍዬ ለቀቅኳቸው። ሁለቱ የአርም ኮሮች በጥቂት ሰከንድ የሚጨርሱትን ፎቶ 16ቱ ኮሮች እኔ ወርጄ ማኪያቶ ጠጥቼ እስክመለስ አልጨረሱትም ነበር።

እያንዳንዱ የኤፒፋኒ ኮር ያለው የራሱ ሚሞሪ 32 ኪሎባይት ብቻ ነው፤ ካሽ የሚባል ነገርም የለውም። የላፕቶፕ ፕሮሰሰር ደጋግመን የምንነካውን መረጃ ሳናዘው አጠገቡ ያስቀምጥልናል። እዚህ ግን ያላመጣችሁት ነገር አይመጣም። ወደ ውጭ መጻፍ ማመልከቻን ሣጥን ውስጥ ጥሎ እንደመሄድ ሲሆን፣ ከውጭ ማንበብ ግን መስኮት ሥር ቆሞ መልስ እንደመጠበቅ ነው፤ መልሱ እስኪመጣ ኮሩ ይቆማል። እኔ ለእያንዳንዱ ነጥብ 25 ጊዜ መስኮት ሥር አቁሜያቸው ነበር። መመሪያው ይህን በግልጽ ጽፎታል። እኔ ነኝ የፍጥነቱን ገጽ አንብቤ የሚሞሪውን ገጽ የዘለልኩት።

ስለዚህ ወረቀትና እርሳስ ያዝኩ። ፎቶውን 64 በ64 ነጥብ ወደሆኑ ቁራጮች ቆረጥኩት፤ ጠርዙ ላይ ሁለት ሁለት ነጥብ ስለሚጨመር የሚገባው ቁራጭ 68 በ68፣ አንዱ ነጥብ አንድ ባይት ነውና 4,624 ባይት፣ የሚወጣው ደግሞ 4,096 ባይት ነው። አንዱ ሲሠራ ሌላው እንዲጫን ሁለቱንም በእጥፍ ሲይዙ 17,440 ባይት ይሆናል። የክብደቱ ሰንጠረዥ 1,024 ባይት ሲጨመርበት ለኮዱና ለስታኩ (ፕሮግራሙ ሲሠራ ጊዜያዊ ነገሮቹን ለሚደራርብበት ቦታ) የሚተርፈው ከ14 ሺህ ባይት ትንሽ የሚበልጥ ነው። ቁራጩንም እያንዳንዱ ኮር ነጥብ በነጥብ ከመለመን በቺፑ ውስጥ ያለው ዲኤምኤ የተባለ የመረጃ አመላላሽ ክፍል በአንድ ጊዜ እንዲያመጣው አደረግኩ።

ፍጥነቱ ተሻሻለ። ሆኖም አሁንም ከሁለቱ አርም ኮሮች ያንስ ነበር።

በዚህ ቦታ ያጠፋሁትን ሦስት ሳምንት ሳስታውስ ዛሬም ያናድደኛል። ማራገቢያውን ጠረጠርኩ፤ ቀየርኩት። የኃይል ማገናኛውን ጠረጠርኩ። ሜሞሪ ካርዱን ጠረጠርኩ። አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ወዳጄን ወደ አምስት ኪሎ ሄጄ ባማክረው «ስልቱን ቀይር፤ ሥራውን በረድፍ አከፋፍል» አለኝና አንድ ሳምንት ሙሉ እርሱን ስጽፍ ከረምኩ፤ ምንም ለውጥ አላመጣም። በኋላ፣ መብራት ጠፍቶ በሻማ በተቀመጥንበት ምሽት፣ ቦርዱ ግን በባትሪ እየሠራ ስለነበር፣ ከመሰላቸት የተነሣ የፕሮግራሙን መስመሮች አንድ በአንድ እያጠፋሁ በኮሩ ቆጣሪ ጊዜውን መለካት ጀመርኩ። ማባዛቱን ሳጠፋ ለውጥ የለም። ሰንጠረዡን ሳጠፋ ለውጥ የለም። የመጨረሻዋን የማካፈል ምልክት አጥፍቼ በቋሚ ቁጥር ማባዛት ስተካበት ግን ትእዛዙን ሰጥቼ ጣቴን ሳላነሣ ሥራው አልቆ ጠበቀኝ። ፎቶው ጠቁሮ ተበላሽቷል፤ እኔ ግን ብድግ ብዬ ቆምኩ።

የኤፒፋኒ ኮር ማካፈል የሚችል ሃርድዌር የለውም። ኮዱ ላይ የማካፈል ምልክት ሲጻፍ ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚለውጠው ፕሮግራም) ዝም ብሎ ከላይብረሪ፣ ማለትም ተዘጋጅተው ከተቀመጡ ፕሮግራሞች ስብስብ፣ አንድ የማካፈያ ፕሮግራም ይጠራል። ኮዱንና ላይብረሪውን አገናኝቶ በሚሞሪ የሚደለድለው ሊንከር ደግሞ፣ እኔ ከምሳሌዎቹ ገልብጬ በወሰድኩት አደላደል መሠረት፣ የራሴን ኮድ በውስጥ ሚሞሪ፣ ላይብረሪውን ግን በውጭው ሚሞሪ አስቀምጦት ነበር። በአጭሩ፣ 16ቱም ኮሮች በእያንዳንዷ ነጥብ አንዲት ማካፈል ለመሥራት ትእዛዙን ራሱን መስመር በመስመር ከውጭ እየለመኑ፣ በአንድ ጠባብ በር ይገፋፉ ነበር። ምኑ የት እንደተቀመጠ የሚዘረዝረውን የሊንከሩን ካርታ ፋይል ገልጬ ባየሁት ጊዜ የማካፈያው አድራሻ ከ32 ኪሎባይቱ ውጭ ተቀምጦ አገኘሁት። ይህን ፋይል በመጀመሪያው ቀን ብከፍተው ኖሮ አምስት ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር።

ላይብረሪውን ወደ ውስጥ ሳስገባው ደግሞ ስታኩ ከላይ ወደ ታች እያደገ መረጃውን መርገጥ ጀመረ፤ የሚከለክል ጥበቃ ስለሌለ ፕሮግራሙ አይወድቅም፤ በሙሽራዋ ቬሎ ላይ ሰያፍ ግርፋት ይታያል እንጂ። በመጨረሻ ማካፈሉን ጭራሹን አስወገድኩት። የክብደቶቹ ድምር ሁልጊዜ በ1 እና በ25 መካከል ስለሆነ፣ የተገላቢጦሹን (አንድ ለድምሩ ሲካፈል የሚገኘውን) ግምት ከትንሽ ሰንጠረዥ አንሥቶ፣ ግምትን ደረጃ በደረጃ በሚያርመው በኒውተን ዘዴ ሁለት ጊዜ ማጥራት ይበቃል፤ ያ ደግሞ ማባዛትና መቀነስ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ማጽዳቱ ከስካኑ እጅግ ያነሰ ጊዜ ይወስድ ጀመር፤ ወረፋውም ወደ ስካነሩ ዞረ።

መመሪያዎች «መጀመሪያ የሚሠራ ኮድ ጻፍ፣ ኋላ አፍጥነው» ይላሉ። ለዚህ ዓይነት ቺፕ ግን አልስማማም፤ መጀመሪያ ባይቱን በወረቀት ቁጠሩ፣ ሁሉንም ነገር በውስጥ ሚሞሪ የሚያስቀምጠውን አደላደል ከመጀመሪያው ቀን ምረጡ፣ ካልገባ ሥራው ለዚህ ቺፕ አይደለምና ራስበሪ ፓይ የተባለውን የተለመደ ትንሽ ኮምፒውተር ገዝታችሁ እረፉ። ኦፕን ሲኤል በተባለው፣ አንዱን ኮድ በተለያዩ ቺፖች ለማስኬድ በሚያገለግለው የፕሮግራም መጻፊያ መንገድም ጊዜ አታጥፉ፤ የሚደብቅላችሁ ነገር ልታዩት የሚገባውን ነው። የኮምፒውተር መሐንዲሱ ጂን አምዳል እ.ኤ.አ. በ1967 ያስቀመጠውን ስሌትም ሥራችሁ ላይ ሞክሩት፦ ከሥራው አንድ አሥረኛው ለኮሮች ሳይከፋፈል አንድ በአንድ ብቻ የሚሠራ ከሆነ 16 ኮር የሚሰጣችሁ ፍጥነት 6.4 እጥፍ ብቻ ነው። በእኛ ዘንድ ያ የማይከፋፈለው ክፍል ፋይሉን ከካርድ ማንበብ ነበር።

ኮር መብዛቱም ችግሩን አይፈታውም። ጂኤ144 የተባለው ቺፕ 144 ትንንሽ ኮምፒውተሮች ሲኖሩት እያንዳንዱ ያለው ሚሞሪ (ራም) 64 ቃል፣ ማለትም 64 ቁጥር የሚይዝ ቦታ፣ ብቻ ነው። ሥራ ሲያጣ ኃይል አይበላም ማለት ይቻላልና ለሴንሰር ሥራ ግሩም ነው፤ ፎቶ ግን አይታሰብም። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ታይል64 ለ64ቱም ኮሮቹ ካሽ ስላለው ሊኑክስ ያስኬዳል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ በዋት ነው።

ስለ ዋት ካነሣን፣ ሁለት ዋት የሚባለው ቺፑ ነው፤ ቦርዱ አምስት ዋት ያህል ይበላል፣ ማራገቢያው ሲጨመር ስድስት ብላችሁ ያዙት። ባለ 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ 84 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ እንዳይጎዳ ግማሹን ብቻ ብትጠቀሙ ሰባት ሰዓት ታገኛላችሁ። በኢንቨርተር ወደ 220 ቮልት አውጥታችሁ በአዳፕተር መልሳችሁ አታውርዱት፤ ሁለቱም መንገድ ላይ ይበላሉ። እኔ ሁለት አምፒር የሚሰጥ የመኪና ስልክ ቻርጀር በቀጥታ ባትሪው ላይ አሰርኩ።

ፎቶ ቤቱ በ2016 ዓ.ም. አካባቢው ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ አብሮ ፈረሰ። ከዚያ በፊት ግን ቦርዱ ለዓመታት ሠርቷል፤ የበለጠ የጠቀመን አጋጣሚም ያላሰብኩት ነበር። አንድ ቀን የጋሼን እናት ፎቶ አጽድቼ ባሳያቸው አንገታቸውን ነቀነቁ። «መጨማደዷን ምን አደረግከው? ይቺ እናቴ አይደለችም።» ማጽዳቱ ከመፍጠኑ የተነሣ በሦስት ጥንካሬ ሠርቼ እዚያው አቀረብኩላቸው። ነቁጡ ገና ያልጠፋበትን፣ ደካማውን መረጡ፤ ከዚያ ወዲህ ለደንበኛ ሁሉ ሦስቱን እያሳየን እናስመርጥ ነበር።