ላዩን አይታችሁ ውስጡን አታውቁትም

በኦፕራሲዮን የወለደች አራስ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ሁሉ «ስንት ቦታ ሰፉሽ?» ሳይል አይወጣም። አክስቴማ ካላየሁ ብላ ነበር። እኔም የማውቀው ላዩን ብቻ ነው። አግድም የሄደች ቀጭን ጠባሳ፣ ከሷ ከፍ ብሎ ደግሞ ጣቴን ሳሳርፍበት ምንም የማይሰማኝ ቦታ። ቆዳው ሲከፈት ትንንሽ ነርቮች አብረው ስለሚቆረጡ ነው አሉ። ልጄ ኬጂ ገብታም እንደደነዘዘ ነው፤ የጂንሴ ቁልፍ እዚያ ላይ ሲያርፍ የሌላ ሰው ሆድ ይመስለኛል።

ሁለተኛ ልጅ ስናስብ ነው ስለ ውስጡ ማንበብ የጀመርኩት። ለካ ስፌቱ አንድ አይደለም። መጀመሪያ ማህፀኑ ይሰፋል፣ ቀጥሎ ጡንቻውን የሸፈነው ጠንካራ ሽፋን፣ ስቡ ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ከወፈረ እሱም፣ ከዚያ ቆዳው። ሆድ ዕቃን የሸፈነውን ስስ ሽፋን ግን ብዙ ሐኪሞች ሳይሰፉ ይተዉታል፣ በራሱ ይገጥማል። ድሮ ደግሞ ማህፀኑንም ሳይሰፉ ነበር የሚተዉት! በፈረንጆቹ 1882 ማክስ ዜንገር የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም በብር ሽቦና በሐር ክር መሰፋት አለበት ብሎ እስኪሟገት ድረስ ስንቷ እናት ደሟ ፈስሶ አለቀች።

አሁን ክርክሩ ማህፀኑ በአንድ ደርብ ይሰፋ ወይስ በሁለት የሚል ነው። ኮሮኒስ የተባለው ጥናት፣ ጎረቤቶቻችን ሱዳንና ኬንያም ያሉበት፣ በሰባት አገሮች ወደ 16 ሺህ የሚጠጉ እናቶችን ይዞ ከሌሎች የኦፕራሲዮን ዘዴዎች ጋር ይህንንም አነጻጽሯል። ከሦስት ዓመት በኋላም ተከታትሏቸው ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም። እኔ የወር አበባዬ አበቃ ስል ሁለት ሦስት ቀን ቡናማ ነገር ያስቸግረኛል። አልትራሳውንድ ላይ ጠባሳው ጋ ትንሽ ስርጉድ ያለ ቦታ ታየ፣ ኒሽ ይሉታል። በሁለት ደርብ ቢሰፉኝ ይቀር ነበር እያልኩ ስብሰለሰል፣ ሆላንድ ውስጥ ለዚሁ ተብሎ ተጠንቶ ሁለት ደርቡ ከአንዱ አልተሻለም። እሺ፣ በዚህስ ሐኪሜን አላማም።

የማማው በሌላ ነው። ማህፀኑ በየት በኩል እንደተቆረጠ ማንም አልነገረኝም። ታችኛው ክፍል ላይ አግድም ከሆነ በሚቀጥለው ምጥ የመተርተር ዕድሉ ከ1 በመቶ በታች ነው፤ ላይኛው ክፍል ላይ ቁልቁል ከሆነ ግን ከ4 እስከ 9 በመቶ ይደርሳል፣ ያኔ ማማጥ የሚባል ነገር አይታሰብም። ስወጣ የሰጡኝ ወረቀት ላይ ቀኑ፣ የልጅቷ ኪሎና «ሲ ኤስ»፣ ማለትም በኦፕራሲዮን የሚል ብቻ ነው ያለው። አዲሷ ዶክተር ስትጠይቀኝ ሸሚዜን ገልጬ ጠባሳዬን አሳየኋት። ሳቀች። «የኔ እናት፣ ቆዳው አግድም ሆኖ ማህፀኑ ቁልቁል ሊሆን ይችላል እኮ» አለችኝ።

የወለድኩበት ሆስፒታል ካርድ ክፍል ስንት ተመላለስኩ። «ነገ ነይ»፣ «ሲስተር የለችም»፣ «ካርዱ አልተገኘም»። በመጨረሻ አንድ ልጅ አቧራውን አራግፎ አወጣልኝ። በማይነበብ የሐኪም ጽሕፈት አንዲት መስመር፦ አግድም፣ ታችኛው ክፍል፣ በሁለት ደርብ። ይቺን አንዲት መስመር መውጫ ወረቀቴ ላይ ለመገልበጥ ምን ያህል ጊዜ ይፈጅ ነበር? እህቴ በሚቀጥለው ወር ቀጠሮዋ ነው። ባሏን ከአሁኑ ይዤዋለሁ፣ ሳያስጽፍ ከዋርድ እንዳያስወጣት።