ታሪክ ማንበብ ለትንበያ ይጠቅም እንደሆነ በደብተር የፈተንኩበት መንገድ

ለብዙ ዓመታት ታሪክን አጥብቄ ያነበብኩት፣ ያለፈውን ያወቀ ሰው የሚመጣውንም ቀድሞ ያያል ብዬ ስለማምን ነበር። እምነቴን ግን ፈትኜው አላውቅም ነበር፤ የያዘልኝን ግምት አስታውሳለሁ፣ የሳትኩትን እረሳለሁ። ስለዚህ ስለ ምርጫ፣ ስለ ድርድርና ስለ ጦርነት የምገምተውን ከነቀኑ፣ የመሆን ዕድሉን በመቶኛ፣ መነሻ ያደረግኩትን የታሪክ ምሳሌም ጨምሬ በደብተር መመዝገብ ጀመርኩ። ነጥቡን የሰጠሁት የአየር ጠባይ ባለሙያው ግሌን ብራየር እ.ኤ.አ. በ1950 ባቀረበው ስሌት ነው፤ ነገሩ ከሆነ 1፣ ካልሆነ 0 ተብሎ ይያዝና ከግምቱ ጋር ያለው ልዩነት በራሱ ይባዛል። 90 በመቶ ይሆናል ያልኩት ሳይሆን ቢቀር ቅጣቱ 0.81 ሲሆን፣ 60 በመቶ ብዬ ብስት ግን 0.36 ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ደብተሩን ስመረምር ከባዱን ቅጣት ያመጡብኝ እርግጠኛ የሆንኩባቸው ግምቶች ነበሩ፤ አብዛኞቹም እያንዳንዳቸው በአንድ የታሪክ ምሳሌ ላይ ብቻ የቆሙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1956 የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር አንቶኒ ኤደን የግብፁን መሪ ናስርን በ1930ዎቹ ከተነሡት አምባገነኖች ጋር አመሳስለው በስዊዝ ቦይ ጉዳይ ወደ ጦርነት ሲገቡ፣ ምሳሌው አሜሪካ ምን እንደምታደርግ አልነገራቸውም፤ በእርሷ ግፊት ጦራቸውን ለማስወጣት ተገደዱ። የእኔም ስሕተት ከዚህ የራቀ አልነበረም።

ቀጥሎ «ይህ ምን ይመስላል?» ማለቱን ትቼ «እንዲህ ከጀመሩት ስንቶቹ እንዲህ አበቁ?» ብዬ መቁጠር ያዝኩ። ቁጥሩ ከትዕቢት ጠበቀኝ፤ ይሁንና ብቻውን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ1908 ኦስትሪያ-ሃንጋሪ ቦስኒያን ስትጠቀልል፣ በ1911 በሞሮኮ ምክንያት፣ በ1912 እና በ1913 በባልካን ጦርነቶች ጊዜ ኃያላኑ እርስ በርስ ሳይዋጉ ቀርተዋል። በ1914 አንደኛው የዓለም ጦርነት ሊነሣ ሲል ይህን የቆጠረ አስተዋይ ሰው፣ ይኸኛውም ያልፋል ቢል የሚፈረድበት አይመስለኝም። ነገር ግን የቀደመው ቀውስ ለምን እንደበረደ የጠየቀ ሰው የተሻለ ያይ ነበር። ሩሲያ በቦስኒያው ቀውስ በ1909 ያፈገፈገችው ከጃፓን ጋር ያደረገችው ጦርነት ስላዳከማት ነበር፤ በ1914 ግን ሠራዊቷን እንደገና እያጠናከረች ስለነበር ያን ውርደት ሁለተኛ ለመቀበል አልፈቀደችም። ለእኔ ታሪክ ለትንበያ የሚሰጠው ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፦ ያለፈውን እሳት ያጠፋው ምን እንደነበረ ማወቅና ያ ነገር ዛሬም መኖሩን ማጣራት።

አሁን ከእያንዳንዱ ግምት አጠገብ መጀመሪያ ቁጥሩን፣ ቀጥሎ «ባለፈው ጊዜ ያበረደው ምን ነበር? አሁንስ አለ?» የሚለውን እጽፋለሁ። በጥቂት ወራት ውስጥ ምላሽ በሚያገኙ ጥያቄዎች ላይ ቅጣቴ በግልጽ ቀንሷል። ዓመታትን ወደፊት በሚሻገሩት ላይ ግን የታሪክ ንባቤ ያመጣልኝን ለውጥ በደብተሬ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁም፤ ስለዚህ በእነርሱ ላይ ከመነሻው ቁጥር ርቄ አልገምትም።