የአጎቴ ጆሮ

አጎቴን ፊልሙ 4 በ5 ኢንች በሆነ ትልቅ ካሜራ ፎቶ አነሳኋቸው። 4 ሉህ ፊልም ጨረስኩባቸው። በአራቱም ላይ ጆሯቸው ምላጭ ነው፤ የጆሯቸው ጸጉር አንድ በአንድ ይቆጠራል። ዓይናቸው ግን ጭጋግ ውስጥ ገብቷል።

ህትመቱን ተቀብለው ብዙ ዝም አሉ።

«ልጄ፣ ጆሮዬን ነው እንዴ ያነሳኸው?»

«አይ አጎቴ፣ ዓይንዎን ነበር።»

«ዓይኔንማ አውቀዋለሁ። ይሄ ጆሮ ነው።»

እንዲህ ያለ፣ ላርጅ ፎርማት የሚባል ካሜራ ፎከስ የሚያደርግልህ (ምስሉን የሚያጠራልህ) ሞተር የለውም። ምስሉ ከኋላ ባለው ሻካራ መስታወት ላይ ተዘቅዝቆ፣ ግራና ቀኙም ተለዋውጦ ይወርዳል። ጥቁር ጨርቅ ትከናነባለህ፤ ሉፕ የምትባለውን ትንሽ አጉሊ ሌንስ መስታወቱ ላይ ታስደግፋለህ፤ ከዚያ የተዘቀዘቁ አጎትህን ዓይን እያየህ ታጠራለህ። እኔም ይህንኑ ነው ያደረግሁት። በሉፑ ውስጥ ሽፋሽፍታቸው ሲጠራ በዓይኔ አይቻለሁ!

መጀመሪያ የጠረጠርኩት አጎቴን ነው። ፎከስ ካደረግህ በኋላ ሌንሱን እስክትዘጋ፣ ፊልም ሆልደሩን (ፊልሙን የያዘውን ጠፍጣፋ ቤት) እስክታስገባ፣ ዳርክ ስላይዱን (ፊልሙን ከብርሃን የሚጋርደውን ክዳን) እስክትስብ ድረስ የተቀመጠ ሰው ሳይታወቀው ወደ ኋላ ይለጠጣል። ችግሩ፣ ይህን ፈርቼ ከሌንሱ ጠርዝ እስከ ጉንጫቸው ክር ወጥሬ ነበር። ክሩ ከረገበ ቀርበዋል፣ ከጉንጫቸው ከራቀ ሸሽተዋል ማለት ነው። «አሁን ደግሞ እንደ ፍየል ልታስረኝ ነው?» ቢሉም ክሩ እንደተወጠረ ነበር። አጎቴ ነጻ ወጡ።

ቀጥሎ ሆልደሮቹን ከሰስኩ። በ4 በ5 ሆልደር ውስጥ ፊልሙ የሚያርፍበት ጥልቀት 5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ የሚፈቀደው ልዩነት ወደላይም ወደታችም 0.18 ነው። ካሊፐር የሚባለውን ረቂቅ መለኪያ ይዤ ሁሉንም ለካሁ። ንጹሐን ናቸው። መስታወቱ ተገልብጦ ገብቶ ይሆን ብዬም ፈተሽኩ፤ ሻካራው ገጽ ወደ ሌንሱ፣ ለስላሳው ወደ እኔ መዞር አለበት። እሱም ልክ ነው። የቀረው ተጠርጣሪ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ሉፔ 8 እጥፍ የምታጎላ፣ እግሯ እንደ ብርጭቆ ግልጽ የሆነ፣ ስላይድ ፊልም (በብርሃን የሚታይ ፖዘቲቭ ፊልም) በላይት ቴብል፣ ማለትም ከሥሩ በሚበራ ጠረጴዛ ላይ ለማየት የተሠራች ናት። እንዲህ ያለች ሉፕ የምታጠራው እግሯ ያረፈበትን ገጽ ነው። ስላይድ ላይ ስታስቀምጣት ፊልሙ እዚያው እግሯ ሥር ነው፤ ሥራዋን ትሠራለች። ካሜራው ላይ ግን እግሯ የሚያርፈው በለስላሳው የውጭ ገጽ ሲሆን፣ ምስሉን የሚቀበለው ሻካራው ገጽ ከመስታወቱ ባሻገር ነው። የእኔ መስታወት 2 ሚሊ ሜትር ይወፍራል፤ ብርሃን በመስታወት ውስጥ ስለሚሰበር ለዓይን 1.3 ያህል ይመስላል። ሻካራው ገጽ ሁሉንም ብርሃን አይበትንም፤ ከፊሉ አልፎ ወጥቶ በአየር ላይ ምስል ይሠራል። እኔ ያጠራሁት ያንን ነው፤ ፊልሙ ከሚቀመጥበት 1.3 ሚሊ ሜትር አልፎ የቆመውን።

የሚያሳፍረው ምልክቱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በዓይኔ ሥር መኖሩ ነው። በትክክል የተስተካከለ ሉፕ የመስታወቱን ቅንጣት እንደ ደቃቅ አሸዋ ያሳያል። ለእኔ አንድም አሸዋ ታይቶኝ አያውቅም። እንዲያውም «እንዴት ያለ ልስልስ መስታወት ገጠመኝ!» ብዬ አመስግኜዋለሁ።

ታዲያ እስከዚያ ቀን ለምን አልተጋለጥኩም? የማነሳው ተራራና ዛፍ፣ በኤፍ 22 ነበር፤ የኤፍ ቁጥር ሲያድግ የሌንሱ ቀዳዳ ይጠብባል። 1.3ን ለ22 ስታካፍል የብዥታው ክብ፣ ማለትም አንዲት ነጥብ ፊልሙ ላይ የምትሰፋው ስፋት፣ 0.06 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ለ4 በ5 ፊልም 0.1 ድረስ ዓይን ይታለላል። አጎቴን ግን በ210 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ በ2 ሜትር ርቀት፣ በኤፍ 5.6 አነሳኋቸው። ክቡ ከ0.2 አለፈ። ፎከሱ ደግሞ ወደ ኋላ የሸሸው 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በአጎቴ ፊት ላይ ከዓይን 10 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ስትሄድ ምን እንደሚገኝ ለካሁ። ጆሮ።

ጥገናው በሒሳብ ቀላል ነው፦ እግሯን 1.3 ሚሊ ሜትር ማሳጠር። በብርጭቆ ወረቀት ሞረድኳት። አበዛሁት። በጥቁር ቴፕ ደለደልኳት። ቴፑ በአንድ ጎን ወፈረና ሉፔ እንደ አንካሳ በርጩማ ተንጋደደች። አሁን ተመልሳ ስላይድ ታያለች፤ ስላይዱንም ቢሆን አጥርታ አታይም።

ስለዚህ ሌላ ሉፕ በአግባቡ መረጥኩ። የማጉላት አቅሟ ከ4 እስከ 7 እጥፍ፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ምስሉ ተበትኖ አሸዋው ብቻ ይቀራል፤ መስታወቱ ላይ ፍሬኔል ሌንስ (ምስሉን የሚያደምቅ ባለቀለበት ጠፍጣፋ ሌንስ) ካለም ቀለበቶቹ ዓይን ይሞላሉ። እግሯ ጥቁር፣ ታቹ ላስቲክ። ከላይ በመዞር የምትስተካከል፤ ዋናው ይህ ነው። ቀጠን ያለች ብትሆን ይመረጣል፤ እንደ 90 ሚሊ ሜትር ባለ ሰፊ ሌንስ ብርሃኑ ማዕዘኖቹ ላይ በሰያፍ ስለሚወድቅ፣ ሉፑን ወደ ሌንሱ አቅጣጫ ካላዘነበልካት ጨለማ ታያለህ። ወፍራም ሉፕ እዚያ አትዘነበልም፤ ክፈፉ ይገፋታል። ማሰሪያዋን ደግሞ አሳጥሩ። ጎንበስ ስትል ተወዛውዛ መስታወቱን የምታንኳኳ ሉፕ አንድ ቀን ሰብራው ትገባለች።

ለማስተካከል ሌንሱን ብሩህ ነገር ላይ አዙሬ ፎከሱን ሆን ብዬ አበላሸሁ፤ ምስል ካለ ዓይን እሱን ይከተላል። ሻካራው ገጽ ላይ በእርሳስ ቀጭን መስመር አሠመርኩ። መጀመሪያ ሩቅ አይቼ ዓይኔን አሳረፍኩና አሸዋውና መስመሩ እስኪጠሩ ሉፑን አዞርኩ። 3 ጊዜ ደጋግሜ በቴፕ አሰርኳት። መስታወቱ ላይ በታተሙት አራት ማዕዘኖች አታስተካክሉ፤ አንዳንዴ የታተሙት በውጭው ገጽ ነው። የዓይን መነጽር የምታደርጉ፣ አድርጋችሁ ካስተካከላችሁ አድርጋችሁ እዩ። ማረጋገጫው፦ ማስመሪያ በ45 ዲግሪ አጋድማችሁ አንድ ቁጥር ላይ ፎከስ አድርጉ፤ ሌንሱን እስከ መጨረሻው ከፍታችሁ አንሱ። የጠራው ያው ቁጥር ከሆነ ጨርሳችኋል።

አጎቴን እንደገና አስቀመጥኳቸው፤ ክሩም ተመለሰ። ዓይናቸው ጠራ፤ ብሌናቸው ውስጥ ካሜራዬ ይታያል። ጆሯቸው ደበዘዘ። ሁለቱን ህትመቶች ጎን ለጎን ይዘው አመሳከሩ።

«ይሄኛው ሽማግሌ አድርጎኛል» አሉና ጆሮውን ግድግዳ ላይ ሰቀሉት።