ሰዓቱን ማየት ያቆምሁበት ሌሊት

እግዚአብሔር ያደረገልኝን ልመሰክር ስነሣ፣ የለመንሁት ሌላ፣ የተሰጠኝም ሌላ እንደነበር አስቀድሜ መናገር አለብኝ። ለሁለት ዓመት ያህል እንቅልፍ አጥቼ የቆየሁ ሰው ነኝ። ሐኪሞች በሳምንት ቢያንስ 3 ሌሊት፣ ለ3 ወራትና ከዚያም በላይ ሲዘልቅ ሥር የሰደደ እንቅልፍ ማጣት ይሉታል፤ የእኔ ከዚያ እጅግ አልፎ ነበር። ቀስ በቀስ ተሽሎኝ ማታ መተኛት ከቻልሁ በኋላ ግን አንድ ነገር አልለቅ አለኝ፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ዐይኔ ፍጥጥ ይላል፣ ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለም።

ያን ጊዜ የማደርገውን ሳስበው አሁንም ያሳፍረኛል። ስልኬን ከትራሴ ሥር አውጥቼ ሰዓቱን አያለሁ፤ እስከ 12 ሰዓት የቀረውን እቆጥራለሁ፤ ከዚያም እጸልያለሁ። ዳዊት በአራተኛው መዝሙር በሰላም እንደሚተኛ የተናገረውን ይዤ «ጌታ ሆይ፣ ይህ ቃል ለእኔስ አይሆንም?» እያልሁ እሟገታለሁ። በየመካከሉም ጸሎቱ ሠርቶ እንደሆነ ለማወቅ ሰዓቱን ደግሜ አያለሁ። ጸሎቴን የእንቅልፍ ክኒን አድርጌው ነበር፤ ክኒን አልሠራ ሲል ሰው ይቆጣል፣ እኔም ተቆጣሁ።

መልሱ የመጣው ባልጠበቅሁት በኩል፣ በምታክመኝ ሐኪም አፍ ነው። ንጋት ላይ መንቃት አንዳንዴ የድብርት ምልክት ስለሚሆን መጀመሪያ ስለዚያ ጠየቀችኝ። ቀጥላም ቀን ሙሉ የሚጠራቀመው የእንቅልፍ ፍላጎት አብዛኛው በሌሊቱ የመጀመሪያ ክፍል እንደሚሟጠጥ፣ ንጋት ሲቃረብ የሰውነት ሙቀትም ኮርቲሶል የሚባለው ሆርሞንም መጨመር ስለሚጀምሩ እንቅልፍ እንደሚሳሳ፣ ጤነኛውም ሰው ቢሆን እንደሚባንን፣ ነገር ግን ተገላብጦ ስለሚተኛ ጠዋት እንደማያስታውሰው አስረዳችኝ። እኔ ደግሞ በባነንሁ ቁጥር ቤቱ ሌባ እንደገባበት ሰው አፈጣለሁ። የጎደለኝን ለማካካስ ከምሽቱ 3 ሰዓት አልጋ ላይ መውጣቴም ይበልጥ ቀድሜ እንድነቃ ያደርገኝ ነበር። ከሌሊቱ 6 ሰዓት በፊት እንዳልተኛ፣ ምንም ያህል ብተኛ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እንድነሣ፣ ሰዓት እንዳላይ፣ እንቅልፍ እንቢ ሲልም ከአልጋ እንድወርድ አዘዘችኝ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከባድ ነበሩ፤ ምሽት ላይ ወንበር ላይ እንዳላንቀላፋ ቆሜ አመሽ ነበር። ስልኬን ሌላ ክፍል አስቀመጥሁ። አንድ ሌሊት ነቃሁና ብርድ ልብሴን ተከናንቤ በደብዛዛ ብርሃን ተቀመጥሁ፤ ስለ እንቅልፍ ላለመለመን ወስኜ ስለነበር የማውቃቸውን ሰዎች በየስማቸው እያነሣሁ ጸለይሁ፤ የጀመርሁትም ካስቀየሙኝ ነው (ለምን ከእነርሱ እንደጀመርሁ ለራሴም አልገባኝም)። ስንተኛው ሰው ላይ እንደደረስሁ ሳላውቅ አንገቴ ዘንበል ሲል ተሰማኝና ወደ አልጋዬ ተመለስሁ። ምናልባት የተኛሁት ለጥቂት ጊዜ ይሆናል፤ በነቃሁ ቁጥር ደረቴን የሚደልቀው ፍርሃት ግን በዚያች ሌሊት አልነበረም። ያ ፍርሃት እንዲወሰድልኝ አንድም ቀን ለምኜ አላውቅም።

ስሙ የተመሰገነ ይሁን። ሐኪሟንም አመሰግናለሁ፤ ሁለቱን ማጋጨት አልፈልግም። አሁን በአብዛኛው የጠዋቱ ደወል እስኪጮኽ እተኛለሁ። ባለፈው ሳምንት ሁለት ሌሊት ነቅቻለሁ፤ ስንት ሰዓት ላይ እንደነበር ግን አላውቅም።