ሰዓቱን ሳልገዛ

ነሐሴ ነው። መብራት ጠፍቷል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠዋል። ስልኬ 14 ፐርሰንት ቀርቷታል፣ እኔ ግን በዚያችው የማየው የሰዓት ዋጋ ነው። ይኸው ሁለት ወር ሆነኝ። ከመስቀል በኋላ ከጓደኞቼ ጋር እንደገና ጮቄ ተራራ እንወጣለን ተባብለናል፣ እኔም ያለ ሰዓት ንቅንቅ አልልም ብያለሁ።

የአምናውን ልንገራችሁ። ጓሳውና ጅብራው መሃል እያለን ጉሙ ድንገት ወረደብን፣ ስልኬ በብርዱ ጠፋች። ደበሎ የለበሰ አንድ እረኛ ባይደርስልን እዚያው ነበር የምናድረው። «ሰሜን በየት በኩል ነው?» አልኩት፣ መንገድ እንደሚያውቅ ሰው። «ስሜን? ጎንደር ነው እንጅ ጋሼ። ሩቅ ነው» አለኝ። አብሮኝ የነበረ ጓደኛዬ እስከ ዛሬ ይስቅብኛል።

ስለዚህ ኮምፓስም፣ ከፍታ መለኪያም፣ የአየር ግፊት መለኪያም ያለው ሰዓት ነው የምፈልገው። ጂፒኤስ ያለው ጋርሚን ዓይኔ ገብቷል፣ ግን ቻርጅ ይፈልጋል፤ የመብራቱን ነገር ደግሞ ይኸው ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብዬ እያየሁት ነው። በፀሐይ የሚሞላው ካሲዮ ፕሮትሬክ ሳይሻለኝ አይቀርም። እስከ 10 ባር የውሃ ግፊት ይችላል፣ ከተሞላ ወዲያ ጨለማ ውስጥ ቢቀመጥ እንኳ ወራት ይቆያል። የሚያስቀኝ ሙቀት መለኪያው ነው። እጄ ላይ እስካለ ድረስ የገላዬ ሙቀት ያሳስተዋል፤ የአየሩን በትክክል እንዲነግረኝ አውልቄው 20፣ 30 ደቂቃ መጠበቅ አለብኝ። ጮቄ ጫፍ ላይ! እስከዚያ ብርዱን እኔው ራሴ አውቄው የለ?

ከፍታውም ቢሆን ሰዓቱ የሚያውቀው የአየሩን ክብደት ብቻ ነው፤ ሲወጡ አየሩ ይቀላል፣ እሱ ከዚያ ተነስቶ ሜትሩን ያሰላል። ባሕር ጠለል ላይ 1013 ሄክቶፓስካል የሚሆነው ግፊት እዚህ ደብረ ማርቆስ 750 ገደማ ነው። ታዲያ እንደኛ ለምድር ወገብ በቀረበ አገር ግፊቱ በየቀኑ ረፋድ 4 ሰዓት ግድም ከፍ፣ ወደ ማታ 10 ሰዓት ግድም ዝቅ ይላል። አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ብውል እንኳ አመሻሹ ላይ 30 ሜትር ያህል ሽቅብ ወጥተሃል ይለኛል ማለት ነው። (ለሰነፍ ሰው ግሩም ሰዓት ነው።) ከፍታው የታወቀ ቦታ በደረስኩ ቁጥር ማስተካከል አለብኝ።

ይህ ማስተካከል የሚሉት ነገር ነው አባባን ያመጣብኝ።

በጾም፣ የመፍቻው ሰዓት መድረሱን ለማወቅ፣ ግቢው መሃል በባዶ እግሩ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ እኔ የጥላው ጫፍ ላይ ጠጠር አስቀምጣለሁ። ከዚያ ከቆመበት ተነስቶ ተረከዙን ከአውራ ጣቱ እያጋጠመ እስከ ጠጠሯ ይቆጥራል። አንድ ቀን እኔም ከጎኑ ቆሜ የራሴን ጥላ በራሴ እግር ቆጠርኩ። እሱ ዘጠኝ አለ። እኔም ዘጠኝ ከምናምን። የተሳሳትኩ መስሎኝ ደግሜ ቆጠርኩ፤ ያው ነው። ቁመቴ የእሱን እኩሌታ ብትሆን እግሬም እኩሌታ ነበረች ለካ። እሱ ምንም አላስተካከለልኝም፤ ጎንበስ ብሎ እግሬን አየና «ደርሷል፣ ሂድ ለእናትህ ንገር» አለኝ።

እሺ፣ ሁዳዴ ላይ ይሁን። ፍልሰታስ? የሚገባው ነሐሴ 1 ነው፤ ነሐሴ ምን ጥላ አለው? እኔ እንኳ ዛሬ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ አላየሁም። አባባ በፍልሰታ ምኑን ይቆጥር ነበር? አንድም ቀን አልጠየቅሁትም።

እማዬን ጠራኋት። ጓዳ ሻማ ታበራለች።

«ደወል ሰምቶ ነዋ!» አለችኝ።

«ደዋዩስ በምን ያውቅ ነበር?»

ትንሽ ዝም አለች። «ደዋዩማ አባባን ይጠይቅ ነበር» አለችና የራሷ መልስ ራሷን አሳቃት። እኔ ግን ቀልዷን ይሁን የምሯን እስካሁን አልለየሁም።

ይህን ስጽፍ ሰዓት ሻጩ «ወንድሜ፣ ትወስደዋለህ ወይስ ለሌላ ልስጠው?» ብሎ ላከልኝ። ዳመና ሲሆን ስንት እግር ያሳያል ብዬ ልጠይቀው ትንሽ ነው የቀረኝ።